ስለ ጠበቃ ፈቃድና ቃለ መሐላ፤ ለነጋዴዎች የቀረበ የሕግ ትምህርት

ከጎጃም ደጋ ተጭኖ በደጀን በኩል የዐባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ወደ መሐል አገር የሚጓዘው ጤፍ፥ ስንዴና ኑግ በአብዛኛው የሚሸጠው በመተማመን ነው። የደብረ ማርቆስ ነጋዴ እህል ሲገዛ ጥቂት ዘግኖ በመዳፉ ላይ ያየዋል፤ ድርቀቱን በጥርሱ ይፈትናል፤ ሚዛኑ ትክክል መሆኑን ሳያረጋግጥም አንድ ኩንታል አያስነሣም። መኪናው የማን እንደ ሆነ፥ ሹፌሩም ማን እንደሚባል ይጠይቃል። ነገር ግን የሸጠበት ገንዘብ ሳይከፈለው ቀርቶ ወደ ፍርድ ቤት የሄደ እንደ ሆነ፥ ያንኑ ገንዘብ በአንድ ሰው አንደበት ላይ ሲያስቀምጥ፥ ሰውየው በእርግጥ ጠበቃ መሆን አለመሆኑን ሳይመረምር የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ጥሩ ልብስ የለበሰ፥ ቦርሳ ያንጠለጠለ፥ የሕግ ቁጥር እየጠቀሰ የሚናገር ሰው ሁሉ ጠበቃ አይደለም።

ይህ ነገር ለነጋዴ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው የራሱን ጉዳይ ለማን እንደሚሰጥ ማወቅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከተከራካሪው ወገን የቆመው ሰው ፈቃድ የሌለው መስሎ በታየው ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባውና ምን ማድረግ እንደማይገባው ማወቅ ነው። በሁለተኛው ላይ የሚደረገው ስሕተት በመጀመሪያው ላይ ከሚደረገው አያንስም፤ የጠበቃን ፈቃድ መቃወም ዕዳውን ራሱን ማሸነፍ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸውና።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይጠቅማል። ጠበቃ የሚለው ቃል ጠበቀ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ የሌላውን መብት የሚጠብቅ ማለት ነው። በቀድሞው የሙግት ሥርዓት፥ በጎጃምም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል፥ ለሌላ ሰው ቆሞ የሚከራከር ሰው ትምህርት ቤት አልገባም፥ ወረቀትም አልነበረውም። ሥልጣኑ አንደበቱ ነበረ። «በላ ልበልሃ» እየተባለ ዳኛው በተቀመጠበት፥ ሕዝቡም ዙሪያውን ከብቦ በሚሰማበት አደባባይ፥ ንግግሩን በቅኔና በምሳሌ እያሳመረ ባላጋራውን የሚያፋጥጥ ሰው ነገር ዐዋቂ ይባል ነበር፤ ስሙም ከአገር አገር ይሰማ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ሥርዓት ልቅ ነበረ ማለት አይደለም። ተሟጋቹ ዋስ መጥራት ነበረበት። ዋስ የሌለው ሰው ቃሉ ምንም ያህል ቢያምር ሙግቱ አይቆምለትም ነበር፤ ዋሱ ሰውየው ቢጠፋ ወይም ቃሉን ቢያጥፍ የሚያዝበት ገመድ ነበረና።

የዛሬው የጥብቅና ፈቃድ በአሠራሩ ከዚያ ከዋሱ ጋር የሚመሳሰል ነው። ፈቃድ ያለው ጠበቃ የሚያጣው ነገር አለው። የደንበኛውን ምሥጢር ቢያወጣ፥ ከሁለቱም ወገን ገንዘብ ቢቀበል፥ ቀጠሮ እያሳለፈ ጉዳዩን ቢያበላሽ፥ በዲሲፕሊን ተከሶ ፈቃዱ ሊታገድ ወይም ሊሰረዝ ይችላል። ፈቃድ የሌለው ሰው ግን የሚታገድበትም የሚሰረዝበትም ነገር የለውም። ነጋዴው የሚከራከርለት ሰው ፈቃድ እንዳለው መጠየቁ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ የዘመናዊው ፍርድ ቤት አቋም የተጻፈው ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የዳኝነት አዋጅ ነው። ጠበቆች የሚመዘገቡበት ደንብ ደግሞ በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ በነጋሪት ጋዜጣ በሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 166 ታወጀ። በዚያን ጊዜ በአገር ውስጥ የሕግ ፋኩልቲ አልነበረም፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች ብዙዎቹ ሕጉን የተማሩት በሥራ ላይ ነበረ። በኋላም በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚቆሙ ጠበቆች ፈቃድና ምዝገባ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 199 ተደነገገ፤ የሥነ ምግባራቸው ደንብም በዚያው ዓመት በቁጥር 57 ወጣ። አዋጁ ከሃያ ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1249 ተተካ፤ ይኸው አዲሱ አዋጅ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ፈቀደ፥ የፌዴራል ጠበቆችንም ማኅበር አቋቋመ። ክልሎች ደግሞ በየራሳቸው ፍርድ ቤቶች ለሚቆሙ ጠበቆች በየራሳቸው ሕግ ፈቃድ ይሰጣሉ።

ስለ ቃለ መሐላውም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ፈቃድንና መሐላን አንድ አድርጎ ያያቸዋልና። በእንግሊዝ አገር በ1402 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ ሕግ፥ ጠበቆች በዳኞች እንዲመረመሩ፥ መልካም ስም ያላቸው ብቻ ስማቸው በመዝገብ እንዲገባና እንዲምሉ ያዝዝ ነበር። ምርመራ፥ መዝገብና መሐላ፥ ሦስቱ ከስድስት መቶ ዓመታት በፊት አብረው ታዘዙ ማለት ነው። መሐላው የሰውየውን ኅሊና ያስራል፤ መዝገቡ ግን ለሌላው ሰው ማስረጃ ይሆናል። መሐላ በጆሮ ይሰማል፥ ከዚያም ያልፋል፤ መዝገብ ግን ከዓመታት በኋላም ተገልጦ ይታያል። ነጋዴ ከመሐላው ይልቅ በመዝገቡና በፈቃዱ ላይ ማተኮር ያለበት በዚህ ነው፤ ጠበቃው መሐላ አልፈጸመም ብሎ የሚጠራጠር ሰውም ጥያቄውን የሚያቀርበው ፈቃዱን ለሰጠው መሥሪያ ቤት ነው እንጂ በችሎት በር ላይ አይደለም።

መሐላ ከመንገዱ ወጥቶ የፖለቲካ መሣሪያ ሲሆን ምን እንደሚያመጣ በአሜሪካ የታየ አንድ ታላቅ ጉዳይ ያሳያል። የእርስ በርስ ጦርነታቸው ሊያበቃ በተቃረበበት ጊዜ የአሜሪካ ኮንግሬስ በ1865 ባወጣው ሕግ፥ በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚቆም ጠበቃ ሁሉ የደቡቡን ዐመፅ ፈጽሞ እንዳልረዳ እንዲምል አዘዘ። የአርካንሳው ጠበቃ አውግስጦስ ጋርላንድ ግን ከጦርነቱ በፊት በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተመዝግቦ ነበር፤ በጦርነቱም ጊዜ በደቡቡ ምክር ቤት አባል ስለ ነበረ ይህን መሐላ ሊምል አይችልም ነበር። ጉዳዩ በ1867 ተወሰነ፤ ከዘጠኙ ዳኞች አምስቱ ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል አሉ። ምክንያታቸውም ጠበቃ አንድ ጊዜ ከተመዘገበ በኋላ ሙያው በችሮታ የተሰጠው ነገር ሳይሆን ጥፋቱ በፍርድ ተመርምሮ ካልሆነ በቀር የማይነጠቅ መብቱ ነው የሚል ነበረ። ነገሩ ሩቅ ቢመስልም ለደብረ ማርቆስ ነጋዴ ትምህርት አለበት፤ የአንድን ሰው የጥብቅና መብት የሚነካ ቃል በማስረጃና በሥርዓት ይቀርባል፥ በንዴት አይወረወርም ማለት ነው።

አሁን ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ የደብረ ማርቆስ እህል ነጋዴ ለአንድ የአዳማ ወፍጮ ቤት ባለቤት ሁለት መቶ ኩንታል ስንዴ በዱቤ ሸጠ እንበል። ውሉ የተጻፈው በደብረ ማርቆስ ነው። ገዢው ግማሹን ከፈለ፥ ግማሹን አስቀረ። ውል በተደረገበት ቦታ ክስ ማቅረብን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ስለሚፈቅድ፥ ነጋዴው እዚያው በከተማው ከሰሰ። ተከራካሪዎቹ ነዋሪነታቸው በሁለት የተለያዩ ክልሎች ስለ ሆነ ጉዳዩ በሕግ የፌዴራል ጉዳይ ይሆናል፤ ነገር ግን በአማራ ክልል የፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት ለክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተሰጠ ስለ ሆነ፥ በደብረ ማርቆስ የተቀመጠው የምሥራቅ ጎጃም ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል። በቀጠሮው ቀን ከተከሳሹ ወገን አንድ ሰው ቀርቦ «እኔ ጠበቃው ነኝ» አለ። ነጋዴው ደግሞ ይህን ሰው በፍርድ ቤቱ ቅጥር ግቢ ማመልከቻ ሲጽፍ አይቶት ያውቃል።

ከሳሹ በዚህ ጊዜ ሊያያቸው የሚገባው ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው፥ እርስ በርሳቸውም አይተካኩም።

የመጀመሪያው የጥብቅና ፈቃዱ ነው። ፈቃዱ የማን ስም እንዳለበት፥ ማን እንደ ሰጠው፥ ዘመኑ ያለፈበት መሆን አለመሆኑን፥ በየትኞቹ ፍርድ ቤቶች ለመቆም እንደሚያበቃ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። በዕለቱ የሚቆምበት ችሎት ከሁሉ ይበልጣል፤ አንድ ሰው ፈቃድ እያለው ለዚያ ችሎት ያልተሰጠው ሊሆን ይችላልና። የፌዴራል ጉዳይ በክልል ፍርድ ቤት በውክልና በሚታይበት ጊዜም ነገሩ በተለይ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ነጋዴው መቃወሚያ ከማንሣቱ በፊት የፈቃዱን ቃል ማንበብና ከፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር መጠየቅ ይገባዋል። በክልሉ ፈቃድ የተሰጠውን ሰው «የፌዴራል ፈቃድ የለህም» ብሎ መጮህ፥ ወይም የዚህን ተቃራኒ ማድረግ፥ ራስን ለማፈሪያ ማዘጋጀት ነው።

ሁለተኛው የውክልናው ሥልጣን ነው። ጠበቃ ቢሆንም፥ ፈቃዱም ቢታደስ፥ ባለጉዳዩ ካልወከለው ለዚያ ጉዳይ ማንም አይደለም። ውክልና በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው የሰነድ ማረጋገጫ ክፍል የተረጋገጠ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ነገር በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 334 በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 922 ተተክቷል። ከዚህም በላይ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2205 የሚለውን ማስታወስ ይገባል። ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥና ለማስያዝ፥ የሐዋላ ሰነድ ለመፈረም፥ ለመታረቅ፥ በግልግል ዳኝነት ለመስማማት፥ ስጦታ ለማድረግ፥ ለመክሰስና ለመከላከልም ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ነጋዴዎች ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት በዚህ ነው። ለግዢና ለሽያጭ የተሰጠን አሮጌ ውክልና ይዞ በችሎት የሚቆም ሰው አለ፤ ወይም ለመከራከር ብቻ የተወከለ ሰው ዕርቅ ይፈርምና ባለጉዳዩ «እኔ አልታረቅሁም» ብሎ ይነሣል። ስለዚህ ነጋዴው ከተከራካሪው ጠበቃ ጋር ዕርቅ ከመፈረሙ በፊት የውክልናውን ቃል በሙሉ ማንበብ አለበት፤ «ለመታረቅ» የሚል ቃል የሌለበትን ውክልና ተማምኖ ዕዳ መቀነስ ስንዴን ሳይመዝኑ እንደ መሸጥ ነው።

ሦስተኛው ሰውየው ፈቃድ የማያስፈልገው ወገን መሆን አለመሆኑ ነው። ብዙ ከንቱ መቃወሚያ የሚነሣው ይህን ባለማወቅ ነው። ሰው ራሱ ስለ ራሱ መከራከር ይችላል፤ ሕጉ ማንንም ጠበቃ ይዘህ ና ብሎ አያስገድድም። የትዳር ጓደኛ፥ ወንድም፥ ልጅና የመሳሰሉት የቅርብ ዘመዶች ለዘመዳቸው ያለ ዋጋ ሊቆሙ ይችላሉ። የንግድ ማኅበርም በሥራ አስኪያጁ ወይም ደመወዝ እየከፈለ በሚያሠራው ነገረ ፈጅ ሊወከል ይችላል፤ ነገረ ፈጅ የሚሠራው ለቀጠረው ድርጅት ብቻ ነው እንጂ ለሌላ ሰው አይደለም። እንግዲህ በምሳሌው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የላከው ሰው የገዛ ወንድሙ የሆነ እንደ ሆነ፥ ከሳሹ «ጠበቃ አይደለም» ቢል መልሱ «አዎን አይደለም፥ መሆንም የለበትም» ነው። ያ ሰው ግን ዛሬ ለዚህ ነገ ለዚያ እየቆመ ዋጋ የሚቀበል ከሆነ፥ የዘመድነት ስም ይዞ የጥብቅና ሥራ የሚሠራ ነውና ነገሩ ሌላ ነው።

እዚህ ላይ በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግተው ስለሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎችና ጉዳይ አስፈጻሚዎች አንድ ቃል መጨመር ተገቢ ነው። ማመልከቻ ጽፎ ማስረከብ ጥንታዊና ጠቃሚ ሥራ ነው፤ መጻፍ የማይችለውን ገበሬም ሆነ ባለሱቅ ሲረዳ የኖረ ነው። ከጸሐፊነት አልፎ ግን «እኔ ልቁምልህ» ማለት ሲጀመር፥ ወይም ዳኛውን አውቀዋለሁ እየተባለ ገንዘብ ሲጠየቅ፥ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ነጋዴው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ዋጋው ስለሚረክስ ነው። ይሁን እንጂ የክስ ማመልከቻው በተሳሳተ መንገድ ተጽፎ፥ ማስረጃው ሳይያያዝ፥ የይግባኙም ቀን ካለፈ በኋላ የሚታወቀው ርካሽነቱ ሳይሆን ውድነቱ ነው። የይግባኝ ማቅረቢያው ጊዜ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 323 መሠረት ስድሳ ቀን ነው፤ ጸሐፊው ቀኑን ቢረሳው የሚጠየቅበት ሥፍራ የለም። ፈቃድ ሳይኖረው እንደ ጠበቃ የቆመ ሰው ዋጋዬን ክፈለኝ ብሎ ቢከስ፥ ነጋዴው ግዴታው ሕግን የሚቃረን ውል ዋጋ የለውም የሚለውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1716ን ሊጠቅስ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን የጠፋው ቀን በዚህ አይመለስም።

ወደ ምሳሌው እንመለስ። ከሳሹ ወረቀቶቹን አይቶ ወይም እንዲያሳዩት ጠይቆ፥ ተከሳሹን ወክሎ የቀረበው ሰው ፈቃድ የሌለው ወይም ያልተወከለ መሆኑን አረጋገጠ እንበል። መቃወሚያውን መቼ ያነሣል? ሕጉ በቁጥር 244 ስለ መጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ሲደነግግ፥ በመጀመሪያው አጋጣሚ ያልተነሣ መቃወሚያ እንደ ተተወ ይቆጠራል ይላል፤ ከዚህ የሚወጣው መቃወሚያው ትክክለኛ ፍርድ እንዳይሰጥ የሚከለክል የሆነ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩን እያወቁ ዝም ብሎ ክርክሩን መስማት፥ ምስክር ማሰማት፥ በመጨረሻም ፍርዱ ሳያምር ሲቀር «ያ ሰው ጠበቃ አልነበረም» ብሎ መነሣት በዳኞች ፊት ጥሩ አይታይም። ይህ ነገሩን ለመጠቀሚያ ማስቀመጥ ነው፤ ዳኞችም ዓላማውን ያውቁታል።

አቀራረቡም የራሱ ወግ አለው። «ይህ ሰው ሐሰተኛ ነው» ከማለት ይልቅ «የተከሳሹ ወኪል የጥብቅና ፈቃዱንና የውክልና ሥልጣኑን ለችሎቱ እንዲያቀርብ ይታዘዝልኝ» ማለት ይበቃል። ፈቃዱ ያለው ሆኖ ከተገኘ ጥያቄው አንድም ሰው አላስቀየመም፤ የሌለው ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ችሎቱ በራሱ ያየዋል። ያለ ማስረጃ ስም ማጥፋት ነጋዴውን ራሱን ተከሳሽ ሊያደርገው ይችላል። ሐሰተኛ ሆኖ የተገኘ ሰው ቅጣት የሚጠየቀው በፍትሐ ብሔሩ ክርክር ውስጥ አይደለም፤ ያ የፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትና የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ አቤቱታ መቀላቀል የስንዴውን ገንዘብ ማዘግየት ነው።

ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ጠበቃው ፈቃድ የለውም ማለት ባለጉዳዩ መብት የለውም ማለት አይደለም። መቃወሚያው በሰውየው ላይ ነው እንጂ በዕዳው ላይ አይደለም። ፍርድ ቤቱ መቃወሚያውን በተቀበለ ጊዜ፥ እንደ ነገሩ ሁኔታ፥ ባለጉዳዩ ራሱ እንዲቀርብ ወይም ሌላ ጠበቃ እንዲያቆም ቀጠሮ ሊለውጥ ይችላል። ከሳሹ ያገኘው ነገር እንግዲህ አንድ ቀጠሮ ነው፤ ምናልባትም የዕለቱ ወጪና ኪሳራ ይታሰብለት ይሆናል። ነጋዴ ይህን ሲያስብ ሒሳቡን በሁለት ወገን መያዝ ይገባዋል። የተከራካሪው ወኪል ዕርቅ ሊፈርም የመጣ ከሆነ፥ ወይም ንብረት ሊያስተላልፍ ከሆነ፥ መቃወሚያው እጅግ ያስፈልጋል፤ ሥልጣን በሌለው ሰው የተፈረመ ወረቀት ነገ ባለቤቱ ሊክደው ይችላልና። ነገር ግን ወኪሉ የመጣው ቀጠሮ ለማስለወጥ ብቻ ከሆነ፥ የእርሱን ፈቃድ መቃወም የሚፈልገውን ነገር በእጁ እንደ መስጠት ነው።

ከዚህ ይልቅ የከፋው ጉዳቱ በራስ ወገን ሲሆን ነው። ከሳሹ ራሱ ያቆመው ሰው ፈቃድ የሌለው ሆኖ ቢገኝና ችሎቱ ቢያሰናብተው፥ ነጋዴውም በዚያ ቀን በእህል ገበያ ላይ ከሆነ፥ ከሳሽ እንዳልቀረበ ሊቆጠርና ክሱ ሊዘጋ ይችላል። ተከሳሽ ከሆነ ደግሞ በቁጥር 70 መሠረት በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል። በዚህ ዓይነት የሚወሰነው ፍርድ እንደ ማንኛውም ፍርድ የሚፈጸም ነው፤ መጋዘን ይታሸጋል፥ የባንክ ሒሳብ ይታገዳል፥ መኪና ይሸጣል። ባለጉዳዩ «ጠበቃዬ ቀርቦ ነበር» ቢል፥ የቀረበው ጠበቃ አልነበረምና ነገሩ አይረዳውም።

ስለዚህ ነጋዴ ጉዳዩን ከመስጠቱ በፊት የሚያደርገው ነገር ብዙ አይደለም። ጠበቃው ፈቃዱን እንዲያሳየው ይጠይቃል፤ በሙያው የሚኮራ ጠበቃ በዚህ አይቀየምም፥ አብዛኛዎቹም ሳይጠየቁ በቢሮአቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለውት ይገኛሉ። የፈቃዱን ቁጥር ጽፎ ይይዝና ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ባለበት፥ የክልል ከሆነ በክልሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤት፥ የፌዴራል ከሆነ በፍትሕ ሚኒስቴር፥ መታደሱን ያስጠይቃል። በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ጉዳይ ያለው ሰው ይህን በስልክ ቢጨርስ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከመጓዝ ይድናል። ከጠበቃው ጋር የሚያደርገውን ስምምነት በጽሑፍ ያደርጋል፤ ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ፥ በየትኛው ደረጃ እንደሚያልቅ፥ ይግባኝ ይጨምር እንደ ሆነና እንዳልሆነ ይጻፋል። ውክልናውን ሲሰጥም «ለሁሉ ነገር» የሚል ሰፊ ቃል ከማስጻፍ ይልቅ ለጉዳዩ የሚበቃውን ብቻ ያስጽፋል፤ ጠበቃው እንዲታረቅለት የማይፈልግ ሰው «ለመታረቅ» የሚለውን ቃል አያስገባም። ለጠበቃ የተሰጠ ውክልና የተሻረ እንደ ሆነም ለፍርድ ቤቱና ለሌላው ወገን በጽሑፍ ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ በኪስ ውስጥ የቀረ ሽረት ከሌለ አይለይምና።

የቀጠሮውንም ቀን ነጋዴው ራሱ ማወቅ አለበት። «ጠበቃው ያውቃል» ማለት አይበቃም። የመዝገቡን ቁጥር፥ የችሎቱን ስምና ቀኑን በሱቁ መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ቢቻለውም በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ራሱ ይገኛል። በጎጃም ደጋ የፍርድ ቤት ቀጠሮና የገበያ ቀን ሲገጥሙ ሰው ገበያውን ይመርጣል፤ ሚስት ወይም ወንድም በዚያ ቀን መሄድ የሚችል ቢሆን ሕጉ በዘመድ መወከልን የሚፈቅደው እንዲህ ላለው ቀን ጭምር ነው። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ስላለም ከተማው የሕግ ዕውቀት ያላቸው ሰዎች የሚያንሱበት አይደለም።

ይህ ሁሉ ሳይደረግ ቀርቶ በሌለበት የተፈረደበት ነጋዴ በቁጥር 78 መሠረት ፍርዱ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል፤ ማመልከቻው ግን ፍርዱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፥ ሳይቀርብ የቀረበትንም በቂ ምክንያት ማስረዳት ይገባዋል። ስለዚህ መጥሪያው ወይም የአፈጻጸም ትእዛዙ በእጁ የደረሰበትን ቀን ወዲያው በወረቀቱ ጀርባ ላይ ይጻፈው፤ ያመጣውን የፍርድ ቤት መልእክተኛም በዚያው ላይ ያስፈርም። ከዚያም ሐሰተኛው ወኪል የተቀበለው ገንዘብ ደረሰኝ፥ የተፈረመ ስምምነት ወይም የስልክ መልእክት ቢኖረው ሰብስቦ፥ በዚያው ሳምንት ፈቃዱን አረጋግጦ ወደ ያዘው ጠበቃ ይሂድ።